ነጥብ ዕጣ አይደለም፤ የሰው ሚዛንም አይደለም

ባለፈው ቅዳሜ ማታ፣ በመኝታ ክፍላችን መብራት ከጠፋ በኋላ ክርክር ተነሣ። ከታችኛው አልጋ አንዱ ጓደኛችን «እስቲ አስሉልኝ፣ የኔ ነጥብ ስንት ይሆናል?» ብሎ ጠየቀ። «ምን ታሰላለህ፣ ካልተጻፈልህ አይሆንም!» አለው ሌላው። ሦስተኛው ደግሞ «ኧረ ተዉት፣ ገንዘብ ያለው ነው የሚሄደው» አለ። ወሬው ስለ ካናዳ ነው። ለሠለጠኑ ባለሙያዎች በነጥብ ስለሚሰጠው የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው።

ክርክሩ በማግስቱ ቁርስ ላይም ቀጠለ። አንድ የምናከብራቸው መምህራችን ሰምተውን ኖሮ «ገና ጠመኔ ሳትይዙ ስለ ካናዳ ታወራላችሁ!» ሲሉ ገሠጹን። ተግሣጻቸውን በአክብሮት ተቀብያለሁ። ነገር ግን በበኩሌ ጥፋታችን ስለ ካናዳ ማውራታችን አይመስለኝም፤ ጥፋታችን ሳናውቅ ማውራታችን ነው። የማያውቁት ነገር ያስከፍላል። በኛ ቤተ ዘመድ አንድ በሬ አስከፍሏል። ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ የተነሣሁትም ለዚሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ዕድሜው 27፣ ትዳር ያልያዘ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው፣ አራት ዓመት ሙሉ ያስተማረ ሰው ነው። የቋንቋ ፈተና ተፈትኖ ጥሩ ውጤት ካመጣ በኋላ፣ «ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ» ወደሚል አንድ ሰው ዘንድ ሄደ። ሰውየው ቁጥሮቹን ደማመረና «እንኳን ደስ ያለህ! ማለፊያው 67 ነው፤ አንተ 70 አግኝተሃል» አለው። ወዲያው «ለተራ ማስያዣ» ተብሎ ብዙ ብር ተጠየቀ። አክስቴና ባለቤቷ ከሁለቱ የእርሻ በሬዎቻቸው አንዱን ሸጡ። ጎረቤት «እንኳን ደስ አላችሁ» እያለ መጣ፤ ቡና ተፈላ።

ከዚያ በኋላ ዝም ሆነ። ወር አለፈ፤ ስድስት ወር አለፈ። ሰውየው ሲጠየቅ «ነጥብህ አንሷል፤ የሥራ ቅጥር ደብዳቤ እገዛልሃለሁ፣ ብር አምጣ» አለ። እንግዲህ የሁለተኛው በሬ ተራ ደረሰ ማለት ነው። አክስቴ «ልጄ አልፏል ብላችሁኝ አልነበረም እንዴ? መቼ ወደቀ?» እያለች ትጠይቃለች። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ይውላል።

ታዲያ 70 አምጥቶ ያለፈ ሰው እንዴት ነጥብ ያንሰዋል? ይህን ጥያቄ ይዘን እኔና እሱ በክረምቱ ዕረፍት የካናዳ መንግሥት ለሕዝብ ያወጣውን ሠንጠረዥ በስልክ እያነበብን ሁለት ቀን ተቀመጥን። ያገኘነውን ለናንተም ላካፍል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነጥብ ከየት መጣ?

የነጥቡ ሥርዓት ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። ካናዳ በ1910 ባወጣችው ሕግ መንግሥት ለአገሩ አየር ጠባይና ፍላጎት አይስማማም ያለውን ዘር ሁሉ እንዳይገባ መከልከል ይችል ነበር። ቻይናውያን ደግሞ ከ1885 ጀምሮ ለመግባት በነፍስ ወከፍ 50 ዶላር ይከፍሉ ነበር፤ በ1903 ክፍያው 500 ዶላር ደረሰ። በ1923 በሩ ጭራሽ ተዘጋባቸው፣ እስከ 1947 ድረስም አልተከፈተም። በዚያ ዘመን ሰው የሚለካው በቆዳውና በትውልድ አገሩ ነበር ማለት ነው።

በ1962 የወጣው ደንብ ይህን በአብዛኛው አስቀረ። በ1967 ደግሞ የነጥብ አሰጣጡ ሥራ ላይ ዋለ። ዘጠኝ መለኪያዎች ነበሩት፤ ጠቅላላው ድምር 100፣ ማለፊያው 50 ነበር። ከሁሉ የበለጠውን ነጥብ፣ ማለትም እስከ 20 የሚደርሰውን፣ የያዘው ትምህርትና ሥልጠና ነበር። ከዚያ ወዲህ አውስትራልያ በ1979፣ ኒው ዚላንድ በ1991 የየራሳቸውን የነጥብ ሥርዓት አቁመዋል።

ስለዚህ ነጥብ መልካም ጎን አለው። «የማን ዘር ነህ?» የሚለውን ጥያቄ ትቶ «ምን ተማርክ? ምን ሠራህ?» ብሎ ይጠይቃል። ከዲቪም የተለየ ነው። ብዙ ታላላቆቻችን በየዓመቱ ሲሞሉት የኖሩት የአሜሪካው ዲቪ፣ በ1990 ሕግ የተመሠረተ ዕጣ ነው። በዕጣ የወጣለት ዕድለኛ ይባላል። በነጥብ ግን ዕድል የለም፤ ያለው ሒሳብ ነው። ሒሳብ ከሆነ ደግሞ እኛ የመምህርነት ሠልጣኞች ራሳችን ልንደምረው ይገባል እንጂ ሌላ ሰው ደምሮ ሊሸጥልን አይገባም።

ሦስት በሮች አሉ

የሰውየው ተንኮል በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው። ሦስቱን በሮች አንድ በር አስመስሎ ማሳየት ነው።

የመጀመሪያው በር የ67ቱ ነው። ይህ ከካናዳ ውጭ ልምድ ያለው ባለሙያ የሚመዘንበት ሲሆን ድምሩ 100 ነው። ቋንቋ እስከ 28፣ ትምህርት እስከ 25፣ የሥራ ልምድ እስከ 15፣ ዕድሜ እስከ 12፣ አስቀድሞ የተገኘ ሥራ 10፣ እንዲሁም ከአገሩ ኑሮ ጋር ለመላመድ የሚረዱ ነገሮች (ለምሳሌ እዚያ የሚኖር የቅርብ ዘመድ) እስከ 10 ይይዛሉ። የአክስቴን ልጅ እንመዝነው። ከ18 እስከ 35 ዓመት ያለ ሰው 12 ያገኛል። የመጀመሪያ ዲግሪ 21 ነው። አራት ዓመት ልምድ 13 ነው። ቋንቋው በአራቱም ችሎታዎች፣ ማለትም በማዳመጥ፣ በማንበብ፣ በመጻፍና በመናገር፣ በካናዳ መለኪያ ደረጃ 9 ስለሆነ በእያንዳንዱ 6፣ በጠቅላላው 24 አገኘ። ድምሩ 70 ነው። ሰውየው እዚህ ላይ አልዋሸም።

ልብ በሉ! ይኸው ሰው ቋንቋው በደረጃ 8 ቢሆን ኖሮ 20 አግኝቶ ድምሩ 66 ይሆን ነበር። በአንዲት ነጥብ በር ላይ ይቀራል። ዝቅተኛው ተቀባይነት ያለው ደረጃ 7 ቢሆን ደግሞ 16 አግኝቶ ድምሩ 62 ነው። አንድ ዲግሪ፣ አንድ ልምድ፣ አንድ ዕድሜ፤ ልዩነቱ ቋንቋ ብቻ ነው። ደረጃ 9 ማለት በአይኤልትስ ፈተና በማዳመጥ 8፣ በቀሩት በሦስቱ 7 ማምጣት ነው። ደረጃ 7 ደግሞ በአራቱም 6 ነው።

ሁለተኛው በር የተራ በር ነው። እዚህ ላይ ነው አክስቴ ያልገባት። 67 ማለፍ ወደ መቆያ ክፍል መግባት ነው እንጂ መጠራት አይደለም። ከጥር 2015 ጀምሮ ኤክስፕረስ ኤንትሪ በሚባለው አሠራር፣ ያለፉት ሁሉ እንደገና ከ1,200 ይመዘኑና ከላይ ያሉት ይጠራሉ። በዚህ ሁለተኛ ሠንጠረዥ የአክስቴ ልጅ ለዕድሜው 110፣ ለዲግሪው 120፣ ለእንግሊዝኛው 124፣ ዲግሪውና ልምዱ ከቋንቋው ጋር ተጣምረው 75 ሰጡት። ድምሩ 429 ነው።

429 ብዙ ይመስላል። ሆኖም በ2024 በተደረጉት አጠቃላይ ጥሪዎች የመጨረሻው ተጠሪ ነጥብ በሙሉ ከ500 በላይ ነበር። በ2025 ደግሞ ካናዳ የትምህርት ባለሙያዎችን፣ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ጭምር፣ በልዩ ምድብ አስገባች። ይህ እኛን ይመለከታል። በዚያው ዓመት በግንቦት በዚህ ምድብ 1,000 ሰዎች ሲጠሩ የመጨረሻው ነጥብ 479 ነበር። እንግዲህ የአክስቴ ልጅ ለመምህራን ተብሎ በተከፈተው በር እንኳ 50 ነጥብ ጎደለው። ምድቦቹም በየጊዜው ይከለሳሉ፤ ዛሬ መምህር ተፈለገ ማለት ሁልጊዜ ይፈለጋል ማለት አይደለም።

ቀጥሎም ጊዜ ራሱ ይቀንሳል። የዕድሜ ነጥብ እስከ 29 ዓመት ድረስ ሙሉ 110 ነው፤ በ30 ዓመት 105 ይሆንና በየዓመቱ እየወረደ በ40 ዓመት 50፣ በ45 ዓመት ዜሮ ይደርሳል። የቋንቋው ፈተና ውጤትም ከሁለት ዓመት በኋላ አያገለግልም። ዝም ብሎ የሚጠብቅ ሰው እየቆየ የሚያተርፍ ይመስለዋል፤ እየከሰረ ነው።

ሦስተኛው በር የሥራ ፈቃድ በር ነው፤ ማለቴ የማስተማር ፈቃድ። በካናዳ ትምህርት የየክፍለ ሀገሩ ጉዳይ ነው። ቋሚ መኖሪያ የሰጠው የፌዴራል መንግሥት «ግባና አስተምር» አላለም። ለምሳሌ በኦንታሪዮ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለማስተማር የዚያው ክፍለ ሀገር የመምህራን ኮሌጅ የሚባለው አካል ማስረጃህን መርምሮ መመዝገብ አለበት። ዲግሪ ብቻ ሳይሆን የመምህርነት ሥልጠናም ይጠይቃል። በመምህርነት ልምዱ ነጥብ ያገኘ ሰው እዚያ ሲደርስ የማስተማር ፈቃድ እስኪያገኝ በሌላ ሥራ ሊቆይ ይችላል። ነጥብ የሚሰጠው ሌላ፣ ክፍል የሚሰጠው ሌላ ነው። ይህን ሳያውቅ የሄደ ያዝናል፤ አውቆ የሄደ ይዘጋጃል።

ለምን ደላላ ይከብራል?

አሁን ወደ ቅጥር ደብዳቤው እንመለስ። በተራው ሠንጠረዥ ላይ የተገኘ ሥራ ቀድሞ 50 ወይም 200 ነጥብ ይሰጥ ነበር። ይህ ነጥብ በመጋቢት 2025 ተሰርዟል። በመጀመሪያው በር 10 ነጥብ አሁንም አለው፤ ነገር ግን የአክስቴ ልጅ ያንን በር አልፎታል። ስለዚህ ሁለተኛው በሬ ተሸጦ ሊገዛ የነበረው ደብዳቤ በሁለተኛው በር ዜሮ ነጥብ ነበር ማለት ነው። በዚያ ላይ ሐሰተኛ ደብዳቤ ማቅረብ ማመልከቻውን ከማስጣሉም ሌላ ለአምስት ዓመት ያስከለክላል።

ያ «የተራ ማስያዣ» የተባለው ብርስ? ወደ መቆያው ስም ማስገባት በነጻ ነው። የሚያስከፍለው የቋንቋው ፈተና፣ የትምህርት ማስረጃ ምዘናው፣ ኋላም ከተጠሩ የማመልከቻው ክፍያ ነው። ሰው ሲገባም ለመቋቋሚያ የሚሆን ገንዘብ እንዳለው ያሳያል። ስሙም በመቆያው የሚቆየው 12 ወር ብቻ ነው። የተጠራ ሰው ደግሞ ማስረጃውን አሟልቶ ለማመልከት 60 ቀን አለው። እንግዲህ አንድ በሬ የተሸጠው በነጻ ለሚሆን ነገር ነው። የተሸጠው በሬ አልተመለሰም። አክስቴና ባለቤቷ ዘንድሮ የሚያርሱት ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ ነው።

ደላላ የሚከብረው እኛ ስለማናነብ ነው። ማንበብ ሳንችል ቀርተን አይደለም፤ ሠንጠረዡ የተጻፈበት እንግሊዝኛ እኮ ከኛ የሥልጠና መጻሕፍት አይከብድም። ነገር ግን «ይህ የኔ ቢጤ የሚያነበው አይደለም» ብለን ገና ሳንጀምር እንተወዋለን። ነገ ሕፃናትን «ሳትሞክሩ አይከብድም አትበሉ» ብለን የምናስተምር እኛ ነን።

የሚያንሰው ነጥብ እንጂ ሰውየው አይደለም

አሁን ዋናውን ሐሳቤን ልናገር። በኛ መካከል ሁለት ወገን አለ። አንደኛው «መሄድ ክህደት ነው» ይላል። ሌላው «መቅረት ሞኝነት ነው» ይላል። እኔ ሁለቱም ሠንጠረዡን ከሚገባው በላይ ያከበሩት ይመስለኛል።

ሠንጠረዡ ካናዳ የሚያስፈልጋትን ይቆጥራል፤ ሌላ ምንም አይቆጥርም። ይህ ነውር አይደለም፤ አገራቸው ነው፤ ለጥቅማቸው ይመርጣሉ። የአክስቴ ልጅ ግን በአንድ ክፍል 60 ልጆች ይዞ አራት ዓመት ሲያስተምር፣ መጽሐፍ ለሌለው ልጅ በእጁ ገልብጦ ሲሰጥ፣ ለዚህ ስንት ነጥብ ተሰጠው? ምንም። ልምዱ 13 ነው፤ ያስተማረ በትጋትም ያስተማረ በስንፍናም እኩል 13 ነው። ስለዚህ 429 የሰውየው ዋጋ አይደለም። አንገቱን የደፋው በከንቱ ነው። ተጠርቶ ቢሆን ኖሮም 479 የሆነ ሰው ከሱ አይበልጥም ነበር።

መምህራችንን የሚያሳዝናቸው ነገርም ይገባኛል። አንድ የገጠር ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህሩ ሲሄድበት ምትክ እስኪመጣ ልጆቹ ያለ መምህር ይቀመጣሉ። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ያንን ልጅ የሚያስታውስለት የነጥብ ሠንጠረዥ የለም፤ ማስታወስ ያለብን እኛ ነን። የሚሄድ ሰውም ቢሆን እስኪሄድ ድረስ ያለው ክፍል መቆያ ክፍል አይደለም። ሆኖም ዝም ማለት ማንንም አላስቀረም። ዝምታ የሚጠቅመው ለዚያ «ጉዳይ አስፈጻሚ» ብቻ ነው።

እስቲ ደግሞ ራሴን ልመዝን። ዕድሜዬ 20 ነው፤ 12 ነጥብ። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሻለሁ፤ 5 ነጥብ። ጠቅላላው 17 ነው። ያውም አይቆጠርም፤ ምክንያቱም ከሁሉ አስቀድሞ ቢያንስ አንድ ዓመት ያልተቋረጠ፣ ማለት 1,560 ሰዓት የተከፈለበት የሙያ ሥራ ይፈልጋል። ስለዚህ ያን ምሽት «የኔ ስንት ይሆናል?» ብሎ ለጠየቀው ጓደኛዬ መልሱ «ገና ምንም» ነው። ይህ ግን ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። እንዲያውም አንድ ነገር ያሳያል። ነጥቤን ከፍ የሚያደርጉት ነገሮች ምንድን ናቸው? ሥልጠናዬን ጨርሼ ወደ ዲግሪ መቀጠል፣ በሙያዬ ዓመታት ማገልገል፣ እንግሊዝኛዬን በአራቱም ችሎታዎች ማሻሻል። እነዚህ እኮ ብሄድም ባልሄድም የሚጠቅሙ ናቸው። በእንግሊዝኛ መጻፍ የማይችል መምህር ካናዳም አትቀበለውም፤ ስድስተኛ ክፍል ያለው ልጅም አያተርፍበትም።

ለአክስቴ ልጅም ቢሆን መንገዱ አልተዘጋም። ፈረንሳይኛ በአራቱም ችሎታዎች ደረጃ 7 ቢደርስ 62 ነጥብ ይጨምርለታል፤ 491 ይሆናል። ከክፍለ ሀገሮቹ አንዱ ቢመርጠው ደግሞ 600 ይጨመርለታል። ፈረንሳይኛ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ ዕድሜውም እየቆጠረ ነው። ይጀምር አይጀምር የራሱ ውሳኔ ነው። ዋናው ነገር አሁን የሚወስነው አውቆ ነው።

ስለዚህ ለተቋማችን ሠልጣኞችና መምህራን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ሁለቱ ሠንጠረዦች በአማርኛ ተጽፈው ከቀኑና ከዓመቱ ጋር በዚህ ሰሌዳ ይለጠፉ፤ ቁጥሩ ሲለወጥ ይታደሱ። እኔ ለመጻፍ ፈቃደኛ ነኝ። ሁለተኛ፣ የእንግሊዝኛ ክበባችን በሳምንት አንድ ምሽት ከሰዋስው መልመጃ ወጥቶ እውነተኛ ጽሑፍ፣ ለምሳሌ ማመልከቻ፣ ደንብና ውል ያስነብበን። ሦስተኛ፣ ማንም ሠልጣኝ ለማንም «አስፈጻሚ» አንድ ብር ከመክፈሉ በፊት ወረቀቱን ለሁለት ጓደኛ ያሳይ። የገሠጹን መምህራችንም ክበቡን ቢመሩልን ደስ ይለናል፤ ከሳቸው የተሻለ እንግሊዝኛ የሚያውቅ እዚህ የለምና።

በሐሳቤ የማይስማማ ካለ በዚሁ ሰሌዳ ይመልስልኝ፤ በደስታ አነባለሁ። የአክስቴ ሁለተኛ በሬ ግን አልተሸጠም። ሁለት ቀን ማንበብ በሬ አድኗል።

ከአንደኛ ዓመት ሠልጣኝ